ልባጥ፣ ቅብ፣ ንክር፤ የብረታ ብረት ልባስ ስያሜዎች ታሪክ ከመካነ ሥላሴ እስከ ፍንጠራ

1. የጥያቄው አነሣሥ

የሕንፃ መስታወት፣ የሰዓት ቀፎ፣ የመቁረጫ ስለትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍሎች በዘመናችን ብረት ከሚለብሱባቸው መንገዶች አንዱ እንደሚከተለው ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዝግ ዕቃ ውስጥ አንድ የብረት ጥፍጥፍ ይቀመጣል፤ ከፊት ለፊቱ የሚለበሰው ዕቃ ይደረጋል፤ ከዚያም አርጎን የተባለው ጋዝ በጥቂቱ ይለቀቅና በኤሌክትሪክ ኀይል ወደ አዮንነት ይለወጣል። አዮኖቹ ጥፍጥፉን በብርቱ ሲመቱት ከገጹ አቶሞች እየተነጠሉ ይወረወራሉ፤ ከፊት ለፊት ባለው ዕቃ ላይም ዐርፈው ስስ ልባስ ይሆናሉ። ጥፍጥፉ ከአንድ ብረት ብቻ ወይም ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ብረቶች ቅይጥ ሊሠራ ይችላል። እንግሊዝኛ ሂደቱን የሚጠራው ምራቅ ሲተፋ ወይም ትኩስ ቅባት ሲንጫጫ በሚሰማው ድምፅ ስም ሲሆን፣ ጥፍጥፉን ደግሞ ቀስተኛ በሚያነጣጥርበት ምልክት ስም ይጠራዋል።

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሦስት ቃላት ከቅርብ ያገኛል። ሂደቱን «ርጭት»፣ ጥፍጥፉን «ዒላማ»፣ ልባሱን «ቅብ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱም ለአንባቢ የታወቁ ቃላት ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩም ያለ እንቅፋት ይነበባል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ትርጉም በቋንቋው ውስጥ ለረጅም ዘመን ተለይቶ የኖረውን ነገር አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨፍላቂው ስያሜ ጉዳት ምን እንደ ሆነ በታሪክ ማሳየትና ለአዲሱ ሥራ የተሻለ ስያሜ ማቅረብ ነው።

ማስረጃውን የምናመጣው በአብዛኛው ከአንድ አገር ነው። ይኸውም በበሽሎና በዐባይ ሸለቆዎች የታጠረው፣ ዛሬ ቦረና፣ አማራ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ተንታ እየተባለ የሚጠራው፣ መካነ ሰላምም ከከተሞቹ አንዷ የሆነችበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና አካባቢው፣ በቀድሞ ስሙ ቤተ አምሐራ ነው። ይህ አገር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በታሪክ ስሙ የገነነው የወርቅ ልባጥ የነበረው በዚህ ነው፤ በአገራችን ከቀለጡት የነሐስ ሥራዎች ታላቁ ያረፈው በዚህ ነው፤ ለመጀመሪያው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃል የሰጠው ሰውም የተወለደው በዚህ ነው።

2. ልባጥ

ከ1487 እስከ 1500 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ናዖድ በቤተ አምሐራ መካነ ሥላሴ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ፤ ሕንፃው ሳይፈጸም በመሞታቸውም ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። በ1513 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1521) ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በስፍራው ተገኝተው ነበር፤ በዋናው በር ላይ የብረታ ብረት ዝርግ መሸፈኑንም በጉዞ መጽሐፋቸው መዝግበዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1531) የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሕንፃውን አቃጠለው። የኢማሙ ዜና ጸሐፊ፣ ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ሺሃብ አድዲን አሕመድ፣ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው የዐረብኛ መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያኑ በወርቅ ዝርግ ተሸፍኖ እንደ ነበረ፣ ወታደሮቹ ወርቁን በመጥረቢያ እየፈለቀቁ እንደ ወሰዱት፣ የቀረውም ከሕንፃው ጋር እንደ ተቃጠለ ይተርካል።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመልስ «በወርቅ የተቀባ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ታሪኩን ያፈርሰዋል። ቅብ በመጥረቢያ አይፈለቀቅም፤ ቢፋቅም በሰዎች መካከል የሚከፈል ምርኮ አይወጣውም። ልባጥ ግን በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ወርቅ ነው፤ በሚለበጠው ነገር ላይ በችንካር ወይም በማጠፍ ይያዛል፤ የራሱ አካልና የራሱ ክብደት አለው፤ ስለዚህም ይነቀላል፣ ይመዘናል፣ ይከፈላል። እንግዲህ አንዱ ግሥ ስለ ወርቁ መጠን፣ ስለ አንጥረኛው ዘዴና ስለ ምርኮው ብዛት ሦስት የታሪክ ማስረጃዎችን ተሸክሞ ይገኛል። ግሡ ከተለወጠ ሦስቱም አብረው ይለወጣሉ።

«ለበጠ» በግዕዝም ያለ ነው። በውዳሴ ማርያም የእሑድ ክፍል እመቤታችን በወርቅ በተለበጠች ታቦት ስትመሰል «ልቡጥ» የሚለው ቃል ይገኛል፤ ይህም በየሳምንቱ ስለሚደገም የደጋው ካህናትና ደቀ መዛሙርት በቃል የያዙት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ሙሴ ታቦቱን እንዲሠራ በታዘዘበት ክፍል ይህንኑ ግሥ ይጠቀማል። በሁለቱም ቦታ ከውስጥ ያለው እንጨት፣ ከላይ ያለው ወርቅ መሆኑ ግልጽ ነው። «የለበጣ ሳቅ» የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገርም ከዚሁ ሥር የሚመደብ ነው። ተናጋሪው የውስጡንና የላዩን ልዩነት አውቆ ወደ ሰው ጠባይ አሻግሮታል። የቃሉ ሙያዊ ፍቺ ለሕዝቡ የታወቀ ባይሆን ኖሮ ምሳሌው ሊሠራ ባልቻለም ነበር።

3. ቅብና ንክር

«ቀባ» የሚለው ግሥ ዘይት፣ ቅቤ፣ መድኃኒት ወይም ቀለም ይፈልጋል፤ በአጭሩ በእጅ ወይም በብሩሽ የሚለሰን ፈሳሽ ወይም ለስላሳ ነገር ከሌለ ቅብ የለም። ወርቅ ይህን ባሕርይ የሚያገኝበት ጥንታዊ ዘዴ ነበረ። ወርቅ ከባዜቃ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ይህ በብር ወይም በመዳብ ዕቃ ላይ ይለሰንና በእሳት ይሞቃል፤ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ባዜቃው ተኖ የሚተነፍሰውን ሰው የሚመርዝ በመሆኑ ሥራው ለአንጥረኛው አደገኛ ነበር። እንዲህ ለተሠራው ዕቃ «ወርቅ ቅብ» የሚለው ስያሜ ሥራውን ቃል በቃል የሚገልጽ ነው፤ ወርቁ በእርግጥ ተቀብቷልና።

ወርቅን በሌላ ብረት ላይ የማሳረፍ ጥበብ በአገራችን ከመካነ ሥላሴ እጅግ የቆየ ነው። ከአክሱም ነገሥታት የብርና የመዳብ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ በመላ ገጻቸው ሳይሆን በተመረጠ ስፍራ ብቻ፣ ለምሳሌ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ወርቅ ያረፈባቸው ናቸው። በጥንታዊው ዓለም የሳንቲም ሥራ ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ልባስ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ የዛሬው ፋብሪካ ብቻ ጥበብ አለመሆኑን ለማስታወስ ይህ ምሳሌ ይበቃል።

ሦስተኛው ቃል «ንክር» የገበያ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ አገር ኤልኪንግተን በተባሉት ባለሙያዎች የባለቤትነት መብት ከተመዘገበ በኋላ የተስፋፋው ዘዴ፣ ዕቃውን ወርቅ ወይም ብር በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኀይል ማልበስ ነው። ጌጥ ገዢውና ሻጩ ይህን «ንክር» ብለው ሰይመውታል፤ በስያሜውም የእጁን እንቅስቃሴ በትክክል ገልጸዋል። ጌጥ የሚገዛ ሰው «ድፍን ነው ወይስ ንክር?» ብሎ ሲጠይቅ ሙያዊ ልዩነት ማድረጉ ነው፤ በመልሱ ላይ ገንዘቡ ይወሰናልና።

ከላይ ከተመለከቱት ሦስት ቃላት አንድ ሕግ ማውጣት ይቻላል። አማርኛ ልባስን የሚሰይመው በሥራው ነው። የሚቀጠቀጠው ልባጥ፣ የሚለሰነው ቅብ፣ የሚነከረው ንክር ይባላል። «ለበሰ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ልባስ» ደግሞ የሦስቱ የወል ስም ሊሆን ይችላል። አዲስ ዘዴ ሲመጣም በዚሁ ሕግ መሠረት የራሱን ቃል ይጠይቃል።

4. ብርት፣ ብረት፣ ቆርቆሮ

የልባስ ስሞች በጥንቃቄ ተለይተው ሲቆዩ የብረቶቹ ስሞች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም። በግዕዝ «ብርት» መዳብን፣ ነሐስንና ናስን የሚመለከት ሲሆን ጥቁሩ ብረት «ኀጺን» ይባላል። በአማርኛ «ኀጺን» ከዕለት ተዕለት አነጋገር ወጥቷል፤ «ብረት» ስፍራውን ወስዷል፤ ከዚያም አልፎ «ብረታ ብረት» በሚለው መልኩ የማናቸውም ማዕድን የወል ስም ሆኗል። በመዝሙረ ዳዊት የሚገኘውን «ብርት» በድምፅ ተመሳሳይነት ብቻ «ብረት» ብሎ የሚመልስ ሰው የናሱን ደጅ የብረት ደጅ ያደርገዋል።

ይህ ስሕተት ወደ ቅርብ ዘመን ታሪክም ሊሻገር ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያንና ባለሙያዎች ያሠሩት «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ነሐስ ነው፤ ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል በሰው ጕልበት ወርዶና ወጥቶ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። መድፉን «የብረት መድፍ» ብሎ መጥራት በወል ፍቺው ያስኬድ ይሆናል፤ የምርምር ጽሑፍ ላይ ሲውል ግን አደገኛ ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ነሐስ እንደ ቅይጡ መጠን በ1000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የጋፋት ምድጃ ነሐስ አቀለጠ ማለትና ብረት አቀለጠ ማለት ሁለት የተለያዩ የቴክኖሎጂ ታሪኮች ናቸው።

«ነሐስ» ራሱም ችግር አለበት። በልማዳዊ አጠቃቀም የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ የሆነውንም፣ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ የሆነውንም ሊያመለክት ይችላል። «ናስ» የሚለው ሁለተኛ ቃል በመኖሩ የመጀመሪያውን «ነሐስ»፣ ሁለተኛውን «ናስ» ብሎ መለየት በሳይንስ ጽሑፍ ተገቢ ነው። ሁለቱም ቃላት መዳብ ከሚባልበት ከዐረብኛው ስም ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆናቸው ልዩነቱ የሚጸናው በሥርወ ቃል ሳይሆን በስምምነት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የ«ቆርቆሮ» ነገር ነው። ቃሉ በትምህርት መጻሕፍት ለአንድ ንጥረ ነገር ስም ሆኖ ያገለግላል፤ በሕዝቡ አፍ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የቤት ክዳንን ነው። የክዳኑ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበሰ የብረት ሉህ እንጂ ቆርቆሮ የተባለው ንጥረ ነገር የለበትም። በመካነ ሰላም በቆርቆሮ በተከደነ ክፍል የሚማር ልጅ «ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው» የሚለውን ሲያነብ ቀና ብሎ የሚያየው የራሱን ጣሪያ ነው። መምህሩ ይህን ለማረም የሚያጠፋው ጊዜ በስያሜ ሥራ ላይ ያልጠፋው ጊዜ ነው። ግዕዝ ለዚህ ንጥረ ነገር «ናእክ» የሚል ቃል አለው። «ዐረር»ም በግዕዝ እርሳስ የተባለው ብረት ነበር፤ በአማርኛ ግን ከብረቱ ወደ ጥይቱ ተሻግሮ «አረር» ሆነ። «እርሳስ»ም ከብረቱ ወደ መጻፊያው ተሻገረ። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት፣ የብረት ስም ብረቱን ትቶ ከብረቱ የተሠራውን ዕቃ የመከተል ጠባይ እንዳለው ነው።

5. ቅይጥና ውሑድ

ሁለት ብረቶች ቀልጠው አንድ ሲሆኑ ምን ይባላሉ? በጽሑፍ «ውሑድ ብረት» እና «ቅይጥ ብረት» የሚሉ ሁለት ስያሜዎች ይታያሉ። «ውሑድ» በኬሚስትሪ ትምህርት ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። እንደ ውሃ ያለው፣ ንጥረ ነገሮቹ በተወሰነ መጠን ብቻ ተገናኝተው የየራሳቸውን ጠባይ የሚተዉበት ነገር ውሑድ ይባላል። በቅይጥ ግን መጠኑ እንደ ሠሪው ፈቃድ ይለዋወጣል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጠገራው 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከአንድ ሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፤ ከቀረው አብዛኛው መዳብ ነው። ይህ መጠን በሕግ የተወሰነ እንጂ በተፈጥሮ የተወሰነ አይደለም።

ስለ መገናኘትና ስለ መደባለቅ የሚናገሩ ቃላትን እየለዩ መጠቀም ለአገሩ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፣ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት የተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ የተከራከረው «ተዋሕዶ» እና «ቅባት» በሚሉት ቃላት ፍቺ ላይ ነበር። ሊቃውንቱ ተዋሕዶን ከቱሳሔ፣ ማለትም ከመደባለቅ፣ ከሚጠትም፣ ማለትም ከመለወጥ፣ ለይተው ያስተምራሉ። የእነዚያን ክርክሮች ይዘት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለስያሜ ሥራ የሚጠቅመን ግን፣ «ውሕደት» የሚለው ቃል በአንባቢው ዘንድ አስቀድሞ ጥብቅ ፍቺ ያለው በመሆኑ ለብረት ድብልቅ በቀላሉ ሊሰጥ እንደማይገባ ማስገንዘቡ ነው።

«ቅይጥ» የተሻለ ነው። ገበሬ ሁለት ዘር ሲቀይጥ ምን ያህል ከየትኛው እንደ ጨመረ ያውቃል። ሆኖም ቃሉ አንድ ጕድለት አለበት፤ በወርቅ ገበያ ቅይጥ ማለት የተበላሸ፣ እምነት የጐደለበት ማለት ነው። በዘመናዊው ሥራ ግን ቅይጥ ሆን ተብሎ የሚታቀድ ነው። በመዝገበ ቃላት ፍቺው ሲሰጥ ይህ መገለጽ ይኖርበታል።

6. የቃሉ ባለቤቶች

እስካሁን ያየናቸው ቃላት የተፈጠሩት በምድጃ ዙሪያ ነው፤ የተመዘገቡት ግን ከምድጃ ርቀው ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ካገኛቸው፣ በ1652ም በጎታ ከተማ አብረውት ከሠሩት ከአባ ጎርጎርዮስ በተገኘ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በቤተ አምሐራ በመካነ ሥላሴ ነው። የወርቁ ሕንፃ ከተቃጠለ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የዚያው ስፍራ ልጅ በባዕድ አገር ተቀምጦ የአማርኛን ቃላት አስመዘገበ። እርሳቸው ግን ካህን እንጂ አንጥረኛ አልነበሩም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም መዝገበ ቃላት፣ የጕይዲ (እ.ኤ.አ. 1901) ይሁን የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.)፣ እጅግ ሀብታም ቢሆኑም በዋናው የሊቃውንትና የመጻሕፍት ልጆች ናቸው።

አንጥረኛውና ቀጥቃጩ ያልተጠየቁበት ምክንያት ይታወቃል። «ጠይብ» ከ«ጠቢብ» ጋር የሥር ዝምድና ያለው ቃል ነው፤ የጥበብ ስም የነበረው ግን የስድብ ስም ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበረ ያስረዳል። የተሰደበ ሰው ቃሉን ለመዝጋቢ አይሰጥም፤ መዝጋቢውም አይጠይቀውም። በዚህ ምክንያት ከወናፍ፣ ከመስፍ፣ ከጉጠትና ከመዶሻ ያለፈው የሙያው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሳስቶ ይታያል።

ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ግን፣ የዘመናዊው ሳይንስ አማርኛ ከተዋሳቸው ዐበይት ቃላት አንዱ ከዚሁ ምድጃ መውጣቱ ነው። «ነጠረ» ማለት ቀልጦ ከጕድፍ ተለየ ማለት ነው፤ ቅቤ ይነጥራል፣ ወርቅ ይነጥራል፤ አንጥሮ የሚሠራው «አንጥረኛ» ይባላል። «ንጥረ ነገር» የሚለው የኬሚስትሪ ስያሜ ከዚሁ ሥር ነው። ስያሜው የተሳካው አዲስ ቃል በመሆኑ አይደለም፤ እናቱም ገበሬውም አንጥሮ ስለሚያውቅ ነው። ለስያሜ ሥራ ከዚህ የበለጠ አርአያ መፈለግ አያሻም።

7. ፍንጠራ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዊልያም ግሮቭ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1852፣ አየር በሳሳበት ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍ ከአንደኛው ጫፍ ብረት እየተነጠለ በሌላ ገጽ ላይ እንደሚያርፍ ዘገበ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኤዲሰን የሰም ድምፅ መቅረጫዎቹን ለማባዛት በዚህ ዓይነት ዘዴ በወርቅ አለበሰ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኤሌክትሮኖችን በማግኔት ኀይል ከጥፍጥፉ አጠገብ የሚያቆይ መሣሪያ በመስፋፋቱ ሥራው የፋብሪካ ሥራ ሆነ። ልባሱ ከጥቂት ናኖሜትር እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ እጅግ ስስ የወርቅ ቅጠል አንድ ዐሥረኛ ማይክሮሜትር ያህል ነው።

ይህ ሥራ ቅብ አይደለም፤ የሚለሰን ነገር የለበትም። ንክር አይደለም፤ የሚነከርበት ውሃ የለም። ልባጥም አይደለም፤ ዝርጉ አስቀድሞ አልተሠራም። «ርጭት»ስ? ርጭት ፈሳሽ ይፈልጋል። ቀልጦ በጋዝ ግፊት የሚነፋ ብረት ላለበት ለሌላ የማልበሻ ዘዴ «ርጭት» በትክክል ይስማማል፤ ስለዚህ ስሙን ለዚያ መተው ይገባል። እዚህ ግን ጥፍጥፉ አይቀልጥም። አቶሞቹ የሚነጠሉት እንደ ተመታ ጠጠር በግጭት ኀይል ነው።

አማርኛ ለዚህ ሁለት ጎረቤት ግሦች አሉት። «ፈነጠቀ» በአብዛኛው ለውሃና ለብርሃን ይነገራል። «ፈነጠረ» ለደረቅ ነገር ነው። ልጅ ጠጠር በጣቱ ይፈነጥራል፤ ድንጋይ ሲጠረብ ፍንጣሪው ይበራል፤ የፈንጂ ስባሪም ፍንጣሪ ይባላል። በዚህ መሠረት ሂደቱን «ፍንጠራ»፣ ተነጥሎ የሚወረወረውን አቶም «ፍንጣሪ» ማለት ይቻላል። ስያሜው ከእንግሊዝኛው የተሻለ እንጂ ያነሰ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቃል የእርጥብ ነገርን ድምፅ ሲይዝ፣ የአማርኛው ቃል ግን የደረቅ ነገርን ግጭት ይይዛልና።

የጥፍጥፉ ስም ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ዒላማ» የሚለው ቃል ከሚመታው አዮን አንጻር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዒላማ ተመትቶ የሚቀር ነገር ነው፤ የሚሰጠው የለም። ይህ ጥፍጥፍ ግን ራሱን እየሰጠ ያልቃል፤ ልባሱ ከእርሱ የተነሣ ነው። በሥራው የሚመስለው ተኳሽ የሚያነጣጥርበትን ምልክት ሳይሆን፣ አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና አምባር የሚያወጣበትን ጠገራ ብር ነው። ጠገራው የቅይጡ መጠን የታወቀ ክብ ብረት ነው፤ ጌጡም ያንኑ መጠን ይወርሳል።

ይህ ንጽጽር በሳይንሱም የጸና መሠረት አለው። ናስ ሲሞቅ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ዚንክ አስቀድሞ ይተንናል፣ መዳቡ ይቀራል። ስለዚህ ቅይጥን በማትነን የሚገኝ ልባስ የቅይጡን መጠን ላይጠብቅ ይችላል። በፍንጠራ ጊዜም ከቅይጡ አንዱ ብረት ከሌላው ፈጥኖ ይነጠላል። ነገር ግን ፈጥኖ የሚነጠለው ከገጹ ሲያንስ ሳይነጠል የቀረው ይበዛል፤ ጥቂት ቆይቶም የሚወረወሩት አቶሞች መጠን ከጥፍጥፉ ቅይጥ ጋር ይስተካከላል። ቅይጥ ጥፍጥፍ በፋብሪካ የሚፈለገውም በአብዛኛው ስለዚህ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ሽቦነት ጥቂት መዳብ የተቀየጠበት አሉሚኒየም፣ ለኤሌክትሪክ መቋቋሚያነት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ፣ ለመቁረጫ ስለት የታይታኒየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ በዚህ መንገድ ይለበሳሉ። ታይታኒየም ናይትሮጅን ባለበት ሲፈነጠር ወርቅ የሚመስል ልባስ ይሰጣል። ይህን የለበሰ የሰዓት ቀፎ «ወርቅ ቅብ» ብሎ የተረጐመ ሰው ወርቅም ቅብም የሌለበትን ነገር በሁለቱ ስም ጠርቶታል፤ ገዢውንም አታልሎታል።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ በተሰጠው ትንታኔ መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ልባስ፦ በማናቸውም ዘዴ በሌላ ነገር ገጽ ላይ ያረፈ ሽፋን፤ የወል ስም።

ስስ ልባስ፦ ውፍረቱ በናኖሜትር ወይም በጥቂት ማይክሮሜትር የሚለካ ልባስ።

ለባሽ፦ ልባሱ የሚያርፍበት ዕቃ ወይም ገጽ።

ልባጥ፦ አስቀድሞ ተዘርግቶ የተያያዘ የብረት ልባስ፤ ሊነቀል የሚችል።

ቅብ፦ በፈሳሽ ወይም በለስላሳ ነገር መልክ ተለስኖ የቀረ ልባስ።

ንክር፦ ብረት በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኀይል የተገኘ ልባስ።

ርጭት፦ የቀለጠ ብረትን በጋዝ ግፊት በመንፋት የማልበስ ዘዴ።

ፍንጠራ፦ አየሩ በወጣለት ዕቃ ውስጥ በአዮን ምት አቶሞችን ከጠጣር ነገር ነጥሎ የማልበስ ዘዴ።

የፍንጠራ ጥፍጥፍ፦ በፍንጠራ ጊዜ እየተመታ ለልባሱ አቶም የሚሰጥ ጠጣር፤ ከቅይጥ ሲሠራ «የፍንጠራ ቅይጥ ጥፍጥፍ»።

ቅይጥ፦ መጠናቸው በዕቅድ የተወሰነ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ንጥረ ነገሮች፣ ቢያንስ አንዱ ብረታ ብረት ሆኖ፣ ቀልጠው ወይም ተጋግረው የሆኑት ጠጣር፤ የጥራት መጕደልን አያመለክትም።

ናእክ፦ በትምህርት መጻሕፍት «ቆርቆሮ» የሚባለው ንጥረ ነገር፤ «ቆርቆሮ» ለክዳኑና ለጣሳው ይተው።

ከእነዚህ መካከል ክርክር የሚያስነሣው የመጨረሻው እንደሚሆን ይገመታል። ሌሎቹ ሁሉ በሕዝቡ አፍ ያሉ ሲሆኑ «ናእክ» ግን ከመጽሐፍ የሚነሣ ነው፤ በዚህም ከላይ ካቆምነው አርአያ ይርቃል። ነገር ግን የምድጃው ቃል አስቀድሞ ወደ ጣሪያው ስለ ሄደ፣ ለንጥረ ነገሩ ሌላ መጠሪያ ማግኘት ግድ ነው። የባዕዱን ስም በፊደላችን መጻፍ ሁለተኛው አማራጭ ነው። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ሁለቱን ጽፎ ለመምህራንና ለአንጥረኞች ማሳየት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ግን አንጥረኛው ቀድሞ ይጠየቅ።